ቆጣሪዋ የመጣች ዕለት

የመንግሥት መኪና ከነሾፌሩ ተመድቦልኝ ያውቃል ብል ማን ያምነኛል? መኪናዋ ረጅም፣ ወንበሮቿ ብዙ፣ በሯም በራሱ የሚከፈት ነበረች። ሌላው ሰው አውቶቡስ ይላታል። እኔ ግን በየሐሙሱ ረፋድ በስደት ከተማችን ዳር፣ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን አጠገብ ተሳፍሬ እስከ ባቡር ጣቢያው ስሄድ፣ ብዙውን ጊዜ ከሾፌሩና ከእኔ በቀር ሰው አይገኝባትም ነበርና የግሌ አድርጌ ይዣት ነበር።

የሰፈራችን ሰው መኪና አለው። እንዲያውም ከሰው መኪናው ይበዛል፤ ግቢው አልበቃ ብሎት የእግረኛ መንገድ ላይ ያድራል። ከቤቶቹ ወዲያ ያለው ደግሞ መጋዘን ነው፤ መጋዘን፣ ከባድ መኪና፣ እንደገና መጋዘን። በእግሯ የምትሄድ አሮጊት ያዩ እንደሆነ አንድ ነገር ደርሶባት ነው ብለው ይቆማሉ። ለእኔም አንድ ሰው ቆሞ "ቤንዚን አልቆብሽ ነው?" ብሎኛል። አዎ አልኩት፤ ሌላ ማስረዳት አድካሚ ነው።

ሐሙስ የምሄደው ከጣቢያው በባቡር፣ ያራቪል የሚባል ሰፈር፣ ዘርፌ ዘንድ ነበር። ዘርፌ ካርቱም ሳለን አንድ ግቢ አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት። ስለዚያ ዘመን ብዙ መናገር አልወድም። አንድ ሳፋ ለሁለት ነበረን ካልኩ ይበቃል። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ትከሻዋም አልነሣ ብሏታል። ፀጉሯ ግን ምንም አልሆነም። ነጣ እንጂ አላነሰም፤ ሲፈታ ጀርባዋን ይሸፍናል። በየሐሙሱ አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ሹሩባ እሠራላት ነበር። በሥራዬ ላይ ሳለሁ ወሬ እናወራለን። ልጇ ፈረቃ ይሠራል፤ የልጅ ልጆቿ "ሃይ አያቴ" ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን አማርኛ የምታወርደው በእኔ ላይ ነው። አውቶቡሷ ከሌለች ጣቢያው አይደረስም፤ ጣቢያው ካልተደረሰ ያራቪል የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

የሚቆጨኝን አስቀድሜ ልናገር። ያቺን አውቶቡስ የወደድኳት ባዶ በመሆኗ ነበር። ሌላ ሰው ሲሳፈርባት ቅር ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ገብቶ ጫማውን ወንበር ላይ ቢሰቅል እንዴት አድርጌ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው፤ በሚቀጥለው ማቆሚያ ወረደ። ዛሬ ያ ልጅ ተመልሶ ቢመጣ ጫማውን የሚያሳርፍበት ትራስ ይዤለት በሄድኩ።

ሾፌሩ ጥምጣም የሚያስር ሕንዳዊ ነው። "አንቲ" ይለኛል፤ በአገሩ ወግ አክስቴ ማለቱ ነው። አንድ ሐሙስ ገና ስገባ ፊቱ ጠቆር ብሎ አገኘሁት።

"አንቲ፣ ደስ የማይል ወሬ አለኝ። የሚመጣው ሐሙስ ቆጣሪ ይመጣል።"

"የምን ቆጣሪ?"

"የሰው። ስንት ሰው እንደሚሳፈር ያያሉ። ሰው ከሌለ አውቶቡሷን ወደ ሌላ ሰፈር ያዞሯታል።"

"እኔ አለሁ" አልኩት።

ዞር ብሎ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"አንቺማ አለሽ፣ አንቲ" አለኝ።

ማታ ለልጄ ለሄለን ነገርኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ማሚ፣ ዶንት ወሪ። ኡበር ቡክ አደርግልሻለሁ።"

"የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ አልገባም።"

"የአውቶቡሱን ሾፌርስ ታውቂዋለሽ?"

"አክስቱ ነኝ" አልኳት።

ሰውን ይህን አድርጉልኝ ማለት አይሆንልኝም። ከጎረቤት ጨው ከመዋስ አልጫውን ያለ ጨው የምበላ ሰው ነኝ። ሆኖም ቅዳሜ የአረጋውያን ማኅበራችን ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ ሄድኩና፣ ከሌላው ጉዳይ በኋላ፣ እጄን አነሣሁ። "ሐሙስ ትሩጋኒና ብትመጡልኝና አብረን አውቶቡስ ብንሳፈር" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ምን አለች?" አሉ ከኋላ።

ጋሼ ታደሰ ተነሡ። ጋሼ ታደሰ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። አገር ቤት የቀበሌ፣ በስደትም የስደተኞች ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ወንበር ባለበት ሁሉ ይህ ሰው አይጠፋም። እኔ ያልኩትን ደገሙት፤ ሲደግሙት ግን የእኔ ነገር አልነበረም።

"ወገኖቼ!" አሉ፣ "አውቶቡሳችንን ሊነጥቁን ነው!"

አዳራሹ በቁጣ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ትሩጋኒና የሚኖር የለም። አውቶቡሷን ያያት የለም። ግን "ሊነጥቁን ነው" ሲባል ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሀበሻ የት ይገኛል?

"የት ነው የምንሄደው?" ብሎ አንዱ ጠየቀ።

"ባቡር ጣቢያ" አልኩ።

"ከዚያስ?"

"ትመለሳላችሁ።"

"ሄደን ለመመለስ?"

"አንተ ሰው" አሉ ጋሼ ታደሰ፣ "በዚያን ዘመን ለሰልፍ ስንወጣ የት ነው የምንሄደው ብለህ ጠይቀህ ነበር?"

ሰውየው ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ እትዬ በላይነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን የማይታጡ፣ ነገር ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማቸው ሴት ናቸው።

"እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው" አሉ። "ሰው መቁጠር ደግ ነው ወይ? ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት አልወረደም? እናቴ ነፍሷን ይማርና ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት 'እግዜር የሰጠኝን ያህል' ነበር መልሷ።"

አዳራሹ ጭንቅ አለው። አንዳንዱ ቦርሳውን ማንሣት ጀመረ። ጋሼ ታደሰ ግን ለዚህም መልስ አላጡም።

"እትዬ፣ እኛ እኮ አንቆጥርም። የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። መቅሠፍቱ ቢወርድ በትራንስፖርቱ ላይ ነው።"

በዚህ ተስማማን። ማን ዳቦ እንደሚያመጣም ተመደበ። አውቶቡስ ውስጥ መብላት ክልክል ነው ብል "ባዶ እጃችንን?" አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ሐሙስ ደረሰ። ነፋሱ ከመጋዘኖቹ በኩል ይመጣል፤ የሚያስቆመው ዛፍ ገና አልበቀለም። አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። አውቶቡስ ሊሳፈር ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ሰው በምን ይመጣል? በመኪና ነዋ። እትዬ በላይነሽን ዋይንድሃም ቬል ከሚባለው ሰፈር ልጃቸው አመጣቻቸው። ሌሎቹንም ልጆቻቸው እያመጡ፣ "ባይ ማሚ" እያሉ፣ ጥለው ሄዱ። ጋሼ ታደሰ የራሳቸውን መኪና እየነዱ መጥተው ጥግ አቆሙ። ያቺ ጭር ያለች ማቆሚያ በነጠላ ነጭ ሆነች። ጎረቤታችን ፈረንጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ደረቱ ላይ አድርጎ "ስለ ሐዘናችሁ አዝናለሁ" አለኝ። ታንክ ዩ አልኩት። ምን ልበለው? አሁን ሳስበው ሰውየው ቀደም አለ እንጂ አልተሳሳተም።

አውቶቡሷ መጣች። በመስኮቱ አየኋት፤ ከሾፌሩ ኋላ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ሴት፣ ስልክ የምታህል መቁጠሪያ ይዛ ተቀምጣለች። ሾፌሩ እኛን ሲያይ ጥርሱ ሁሉ ታየ። በሩ ተከፈተ።

"ይግቡ ጋሼ" አልኩ።

"ኧረ በጭራሽ። ሴቶች ይቅደሙ። እትዬ በላይነሽ ይግቡ፤ ታላቃችን ናቸው።"

"ማን ነው ታላቅ?" አሉ እትዬ በላይነሽ። "እርስዎ አይደሉም እንዴ እኔ ፊደል ስቆጥር ቄስ የነበሩት?"

"መቼ ነው ደግሞ እኔ ቄስ የሆንኩት?"

"ለምሳሌ ነው!"

ይህ ክርክር በወረቀት አይፈታም። ወረቀታችን ላይ ሁላችንም የተወለድነው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው። ስደተኛ ሲመዘገብ ቀኑን አላውቅም ካለ የሚሰጡት ያንን ነው፤ አንድ ቀን የወለደን መንትዮች ነን። ስለዚህ ማን ታላቅ እንደሆነ የሚታወቀው በመለማመጥ ብቻ ነው።

"በሞቴ ይግቡ።"

"እርስዎ ሳይገቡማ አልገባም።"

"በማርያም።"

"ማርያምን አይጥሩብኝ፤ ይግቡ ብያለሁ።"

ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ከሩቅ ለሚያይ ጠብ ይመስላል። ከኋላ ያሉትም እርስ በርስ መገፋፋት ጀመሩ፤ ሁሉም ወደ ፊት የሚገፋው ግን ሌላውን ነው። በዚህ መሀል አንዷ "ለምን ባለቤቷ አትገባም?" ስትል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"እንግዳ ሳይገባ እኔ እገባለሁ?" አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። አውቶቡስ መሆኗን ረሳሁ። ቤቴ ናት፤ ሰው ጠርቻለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ አስገባለሁ፤ መጨረሻ እገባለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው፤ የመድኃኔዓለም አውቶቡስ ቢመጣም የማደርገው ይህን ነው።

"አንቲ" አለ ሾፌሩ፣ "ሰዓቴ ደረሰ።"

"አንድ ደቂቃ!"

"አንቲ፣ ዛሬ ቆጣሪ አለች። ማርፈድ አልችልም።"

"ጋሼ በእግዜር..."

በሩ ትንፋሹን ለቀቀና ተዘጋ። አውቶቡሷ ሄደች። ቆጣሪዋ በመስኮቱ እያየችን እጇን አነሣችና ባይ ባይ አለች። እኛም ጨዋ ሰዎች ነን፤ ሁላችንም እጃችንን አውለበለብንላት።

መጀመሪያ የነቁት ጋሼ ታደሰ ናቸው። "መኪና!" አሉ። በመኪናቸው አራት ሰው ጫኑ፤ እኔን ከጎናቸው፣ እትዬ በላይነሽንና ሌሎች ሁለት ሴቶችን ከኋላ። የቀሩት ዳቦውን እየጠበቁ ማቆሚያው ላይ ቀሩ። ጋሼ ታደሰ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረጉ፣ ጥሩምባ እየነፉ አውቶቡሷን ተከተሉ። በሠርግም እንዲህ ሲነዱ አላየሁም። አደባባዩ ላይ ቀደምናት። በእኛ መስኮት እኔ፣ በእሷ መስኮት ቆጣሪዋ፤ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። እንደገና እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም መልስ ሰጠሁ፤ ምን ላድርግ።

የሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ጋሼ ታደሰ መኪናቸውን ያቆሙት በትክክል አውቶቡሷ በምትቆምበት ስፍራ ነው። አውቶቡሷ ከኋላችን መንገድ መሀል ቆመች፤ በሩ ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት ከመኪናው ወረድኩ። የዘርፌ ፀጉር ታየኝ መሰለኝ። ማንንም አላየሁ፣ ማንንም ይቅደሙ አላልኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታላቆቼ ፊት ቀድሜ ገባሁ።

ገብቼ ስዞር የተከተለኝ የለም። ሦስቱ ሴቶች የመኪናውን መስታወት ከውስጥ ይደበድባሉ። ጋሼ ታደሰ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ስለሚያመላልሱ የኋላውን በር ልጅ እንዳይከፍተው አድርገው ቆልፈውታል። ወጥተው ሊከፍቱላቸው ሲሉ ከአውቶቡሷ ኋላ የተሰለፈው ከባድ መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ። ሰውየው ደነገጡ፤ ተመልሰው ገብተው መንገዱን ለመልቀቅ ነዱ። ነዱና ሄዱ። እትዬ በላይነሽ በኋላ መስታወት ሆነው፣ ነጠላቸውን እያወዛወዙ፣ ከዓይኔ ራቁ።

አውቶቡሷ ተንቀሳቀሰች። ቆጣሪዋ መቁጠሪያዋን አንድ ጊዜ ተጫነች። ጠቅ አለ።

"እነዚያ ሁሉ ቤተሰቦችሽ ናቸው?" አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል።

"ዘመዶቼ ናቸው።"

"እንዴት ደስ ይላል! አንቺን ለመሸኘት ነው ሁሉም የመጡት?"

እዚህ ላይ ልቁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ያመሰግነኝ ነበር። አቅም አንሶኝ አይደለም። አይደለም ልጄ፣ ተሳፋሪዎች ናቸው፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ አንድ ጓደኛ አለችኝ፣ ዓይኗ አያይም ማለት እችል ነበር። ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝ። ተናገሪ፣ አንቲ፣ የሚል አስተያየት ነበር። ግን ልመና መሰለኝ። የራስን ጉዳይ ለማያውቁት ሰው ዘርግፎ ማሳየት መሰለኝ። ቦርሳዬን አየሁ።

"አዎ" አልኩ።

"ሩቅ ነው የምትሄጂው?"

"ያራቪል።"

የልጅቷ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀረ። ያራቪል ሻንጣ ተይዞ፣ ነጭ ተለብሶ፣ ሁለት ጊዜ በሁለት ማቆሚያ የሚሸኙበት አገር አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ አልጠየቀችኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይገባም። ግን ምንም አይወጣምም።

ዘርፌ ቤት ስደርስ አርፍጄ ነበር። ፀጉሯን ፈትታ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኳት። ከሳፋው ላይ ቀና እያለች ትስቃለች፤ ውኃው ወለሉን አጥለቀለቀው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለችኝ፣ "አንቺ ነሽ ቀድመሽ የገባሽው? አንቺ?"

"እኔ።"

"ከጋሼ ታደሰ ፊት?"

"ጎንበስ በይ፣ ሳሙና ዓይንሽ ይገባል።"

"ካርቱም ላይ መኪናው ጥሎን የሄደው በማን 'ይግቡልኝ' ማለት እንደሆነ ረሳሽው?"

አልረሳሁም። ያን ዕለት ሹሩባውን ከወትሮው አጥብቄ ሠራሁላት፤ አላማረረችም።

ወሩ ሳያልቅ አውቶቡሷ ከወንዙ ማዶ ወደተሠራው አዲስ ሰፈር ዞረች። ሾፌሩ በመጨረሻው ቀን "አንቲ፣ እኔ እኮ ብዙ ሰው ነው ብያታለሁ" አለኝ። "ታዲያ ምን አለችህ?" አልኩት። "የተሳፈረው ስንት ነው አለችኝ" አለ። ስወርድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም ራሴን ዝቅ አደረግሁለት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ንጉሥ ዳዊት ቆጥሮ ነው መቅሠፍት ያመጣው። እኛ ሳንቆጠር መጣብን።

ማኅበሩ ውስጥ ነገሩ ሌላ ታሪክ ሆኗል። ጋሼ ታደሰ ሲያወሩት እኔ ገፍትሬአቸው ገብቻለሁ። እትዬ በላይነሽ መኪናው ውስጥ ተቆልፈው የቀሩበትን ሲያወሩ ከዮናስ ጋር ያመሳስሉታል። ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አሁን አዳራሹ በር ላይ ስደርስ "ይግቡ፣ እርስዎ መቅደም ያውቁበታል" ይሉኛል።

ዘርፌ ዘንድ የምሄደው ሄለን እረፍት ስታገኝ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም እሱም አይሆንም። ኡበር ቡክ ላድርግልሽ ትለኛለች። አንድ ቀን እሺ እላት ይሆናል፤ የሾፌሩ አክስት መሆን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሐሙስ ረፋድ ላይ በስልክ እንነጋገራለን። ባለፈው ዘርፌ ከወሬው መሀል፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣

"ፀጉሬን አስቆረጥኩት" አለችኝ።

"የት?"

"ልጄ ሱቅ ወስዶኝ። ማን ይሠራዋል ብሎ። ራሴን ቀለለኝ።"

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት።

የነጠላዬን ጫፍ መጎንጎን ጀመርኩ።

"ማበጠሪያውስ?" አልኳት።

"አለ። የት ይሄዳል ብለሽ ነው።"

ከዚያ ረፈደብኝ፣ ወጥ ጥጃለሁ፣ እንባባልና መዝጊያው ላይ እንደርሳለን።

"በይ ዝጊው" ትለኛለች።

"አንቺ ዝጊው።"

"ኧረ አንቺ ቅደሚ።"

"በሞቴ፣ ዘርፌ፣ አንቺ ቅደሚ።"

እንዲህ እየተባባልን ብዙ እንቆያለን። ስልክ ደግ ነው፤ ሰዓቴ ደረሰ ብሎ በሩን ዘግቶብን አይሄድም።